ሌክስ ሉተር እኛ ዘንድ ቢመጣ የክብር እንግዳ ነው

እዚህ አሜሪካ ያደገ ልጅ ክፉ ሰው ሳል ሲሉት ቀንድና ጅራት ያለው ሰይጣን አይስልም። ሱፍ የለበሰ፣ ክራቫት ያሰረ፣ ስሙ በትልቁ የተጻፈበት ፎቅ ያለው ራሰ በራ ሰውዬ ነው የሚስለው። የእኔም ልጅ እንደዚያው ነው። ሰውዬው ሌክስ ሉተር ይባላል፣ የሱፐርማን ጠላት። በልጄ ምክንያት የሰውዬውን ታሪክ ከዳር እስከ ዳር አወቅኩት። ለዚህ ያበቃኝ ግን የሥዕል መጽሐፍ ፍቅር ሳይሆን ንዴት ነው፤ እመጣበታለሁ።

ሉተር እ.ኤ.አ. በ1940 ሲፈጠር ሀብታም አልነበረም። ጀሪ ሲገልና ጆ ሹስተር የፈጠሩት ቀይ ጸጉር ያለው፣ ዓለምን ካልገዛሁ የሚል ሳይንቲስት ነበር። ጸጉሩ በዓመቱ ጠፋ። እንደሚባለው ሰዓሊው ተሳስቶ ነው። ከዚያ አርባ ምናምን ዓመት ሲታሰርና ሲያመልጥ ኖረ። በ1986 ጆን በርን የሚባለው ደራሲ የሱፐርማንን ታሪክ ከሥሩ ሲጽፈው፣ ማርቭ ዎልፍማን ባመጣው ሐሳብ ሉተርን ባለ ኢንዱስትሪ አደረጉት። አሁን መደበቅ የለ፣ ማምለጥ የለ። ሜትሮፖሊስ የምትባለው ከተማ ውስጥ ፎቁን ገተረ፤ የከተማው ሰው ብዙው እንጀራውን የሚበላው ከእሱ ድርጅት ነው። ሱፐርማን በአንድ እጁ መኪና ያነሳል፣ ይሄንን ሰውዬ ግን ምን ብሎ ይያዘው? ሁሉ ነገሩ በሕግ ነው፣ ጠበቃው ብዙ ነው።

አንድ ቀን ሰውዬው መርከቡ ላይ ድግስ ይጠራል። ታጣቂዎች ሊመጡ እንደሆነ አስቀድሞ ያውቃል፣ ግን ሱፐርማን ሲሠራ ማየት ስለፈለገ ዝም ይላል። እንግዶቹ ቢሞቱም ግድ የለው። ሱፐርማን ደርሶ ሲያድናቸው ቼክ ያወጣና «ለእኔ ሥራልኝ» ይለዋል። ከንቲባው ይሄን ሲሰማ ለሱፐርማን እዚያው የማሰር ሥልጣን ይሰጠዋል፣ ሉተር ይታሰራል። በጠበቃ ወዲያው ይወጣል፣ ግን ጥላቻው ከዚህች ቀን ይጀምራል። እስሩ አይደለም ያንገበገበው፣ ሰው ፊት መዋረዱ ነው። እንዲህ ዓይነት ሰው ስንቱን እናውቃለን?

እኔን ያስደነገጠችኝ ግን በ1987 የወጣች አጭር ታሪክ ናት። ሉተር ከከተማ ርቆ መንገድ ዳር ካለች ምግብ ቤት ይገባል። ቡና የምትቀዳለት አስተናጋጅ ባለትዳር ናት፣ ኑሮዋም ያው ነው። «ሚሊዮን ዶላር እሰጥሻለሁ፣ ከእኔ ጋር ሄደሽ አንድ ወር ኑሪ» ይላታል። መኪናዬ ውስጥ ሆኜ አሥር ደቂቃ እጠብቅሻለሁ ብሎ ይወጣል። ሴትየዋ ጓዳ ገብታ ትጨነቃለች፣ ባሏ ጋ ትደውላለች፣ ታለቅሳለች። ሰውዬው ደቂቃው ሳይሞላ መኪናውን አስነስቶ ይሄዳል። መጀመሪያውንም ሊወስዳት አላሰበም፤ ጨዋታው ነው። ምን ብላ ትመልስ እንደነበር ሳታውቅ ዕድሜዋን ሙሉ ስትብሰለሰል እንደምትኖር እያሰበ ይስቃል። ሽጉጥ የለ፣ ቦምብ የለ፣ ሱፐርማን ዝር አይልም። ይቺን ካነበብኩ በኋላ በዋሽንግተን ዙሪያ ምግብ ቤት ሠርታ የምታድር እህታችን ቡና ስታቀርብልኝ ቀና ብዬ ማየት ከበደኝ። ስንቱ «ወረቀት አወጣልሻለሁ» እያለ በዚህ ጨዋታ ይጫወትባታል።

ወደ ንዴቴ ልመለስ። ቨርጂኒያ ውስጥ አንድ ሆቴል አዳራሽ የሪል ስቴት ድግስ ተጠራ። ከአዲስ አበባ የመጣ ባለሀብት ነው። ስሙን አልጠራም። ክትፎው በገፍ ነው፣ ግድግዳው ላይ በኮምፒውተር የተሠራ የሕንፃ ሥዕል ተለጥፏል። በረንዳው ላይ የቆሙት ሁሉ ፈረንጆች ናቸው፣ መዋኛው ውስጥ የሚዋኘውም ፈረንጅ ነው፤ አያት አካባቢ ሊሠራ በታሰበ ሕንፃ! የመድረክ መሪው «ለአገራችን አለኝታ፣ ለወጣቱ አርአያ» ሲል ሰውዬው ገባ። አዳራሹ ብድግ አለ። ከኋላ እልልታው ቀለጠ። ለማንም የማይነሱ ሽማግሌዎች ተነስተው እጅ ነሱ። ሰውዬው ራሰ በራ ነው፣ ሱፉ ሰማያዊ ነው። ልጄ እጄን ጎተተና በዚያ ጮክ ባለ ድምፁ «ባባ፣ ክፉው ሰውዬ ነው እንዴ?» አለኝ። እናቱ አፉን ያዘችው። ከፊታችን ያሉ እመት ዘወር ብለው «ልጅ አሳድጉ» የሚል ዓይን ሰደዱብን።

ቆይቶ መኪና ውስጥ «ታዲያ ለምን ተነሱለት? ማንን አዳነ?» አለኝ። እናንተ ብትሆኑ ምን ትሉታላችሁ? «ገንዘብ ስላለው ነው» አልኩት። «ሌክስ ሉተርም አለው» አለኝና ጨዋታውን ከፈተ።

የልጁ ጥያቄ እውነትም ቁም ነገር አለው። አሜሪካኖቹ ሀብታም ሲያዩ አይሰግዱም ልላችሁ አይደለም፣ እንዴት አድርገው! ግን ለልጆቻቸው ሀብታሙን ጠርጥር የሚል ታሪክ እየሸጡ ነው የሚያሳድጉት። ሻጩ ራሱ ማን እንደሆነ ስታዩ ደግሞ ትስቃላችሁ። ሲገልና ሹስተር ሱፐርማንን ለአሳታሚው የሸጡት በ1938 በ130 ዶላር ነው። ድርጅቱ በሚሊዮን ሲያፍስ እነሱ በችግር አረጁ። በ1975፣ የሱፐርማን ፊልም ሊሠራ ሲሰናዳ ጩኸቱ ሲበዛ፣ በየዓመቱ 20,000 ዶላር ሊሰጣቸው ተስማማ። ሉተርን የጻፉ እጆች በሉተር ቤት ነው ያረጁት። በ2000 ደግሞ ሰውዬውን በሥዕል መጽሐፉ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት አድርገው አስመርጠውታል። በዚህ ላይ ዝም ልበል፣ የዜግነት ቃለ መጠይቄ ገና ነው።

እኛ ደግሞ ሀብታምን ክፉ ማድረግ አልሞከርንም አይባልም። ደርግ በአዋጅ አደረገው። «ከበርቴ» ማለት በየሥዕሉ ላይ ቦርጫም ሰውዬ ነበር። ሐምሌ 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ሲወረስ ግን መረቡ የያዘው ቦርጫሙን ብቻ አልነበረም፤ ሁለት ሰርቪስ አከራይታ ልጆች የምታሳድግ መበለትም ነበረች። ያ ነገር ያስፈራን ይመስለኛል። ዛሬ ባለሀብት ክፉ ሊሆን ይችላል ማለት ራሱ ምቀኝነት ሆኖ ይቆጠራል። «ሠርቶ ነው ያገኘው፣ አንተ ምን ሠራህ?» ይሉሃል። እኔማ ፓርኪንግ ነው የምሠራው፤ የሠራሁትን ነው ለሰውዬው የሰጠሁት።

አዎ ሰጥቻለሁ። ሁለት መኝታ፣ አራተኛ ፎቅ። ርክክብ በሁለት ዓመት ይላል ውሉ። ሁለቱ ዓመት ካለፈ ቆየ። መጀመሪያ ሲሚንቶ ጠፋ አሉ። ቀጥሎ ብረት ወደብ ላይ ነው አሉ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሬ በገበያ ይወሰን ሲባል «የዋጋ ማስተካከያ» የሚል ደብዳቤ መጣ። ልብ አድርጉ፣ እኔ የከፈልኩት በዶላር ነው! ዶላሩ እጃቸው ላይ እያለ ነው ብር የረከሰው። ታዲያ ማን ለማን ነው የሚያስተካክለው? ስደውል የምታነሳው ልጅ ድምፅዋ ማር ነው፣ «ጋሼ፣ በዚህ ሳምንት ፕሮጀክት ማናጀሩ ይደውልልዎታል» ትለኛለች። ወንድሜን ቦታው ድረስ ላክሁት። ፎቶ ላከልኝ፦ ቆርቆሮ አጥር፣ አጥሩ ላይ እነዚያው ፈረንጆች፣ ከአጥሩ ውስጥ ውኃ ያቆረ ጉድጓድ። መዋኛው ብቻ ደርሷል ማለት ነው።

በ1978 በወጣው የሱፐርማን ፊልም ጂን ሃክማን የሚሠራው ሉተርም የመሬት ሰው ነው። የካሊፎርኒያን በረሃ በርካሽ ይገዛና በሳን አንድሪያስ የመሬት ስንጥቅ ላይ ሚሳይል ሊያፈነዳ ያስባል። የባሕሩ ዳርቻ ከነሰዉ ሲሰምጥ፣ የእሱ በረሃ የባሕር ዳር ይሆናል፣ ዋጋው ሰማይ ይነካል። ፊልሙን ከልጄ ጋር ሳየው «ሞኝ!» ብዬ ጮህኩ። ምን ሚሳይል ያስፈልገዋል? መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ አይሸጥም አይለወጥም በሚባልበት አገር ቢመጣ ሊዝ ወስዶ፣ ሥዕል አሠርቶ፣ ቨርጂኒያ አዳራሽ ተከራይቶ ሳይገነባ ይሸጥ ነበር።

ሌላም ታሪክ አለ። ሉተር ሱፐርማንን የሚያደክመውን አረንጓዴ ድንጋይ ቀለበት አድርጎ ሲያጠልቅ ኖሮ ካንሰር ያዘው። በ1990 የሞተ መሰለ። ሌላ አካል አሠርቶ፣ ቀይ ጸጉርና ጺም አብቅሎ «የሉተር ልጅ ነኝ፣ ከአውስትራሊያ መጣሁ» ብሎ የራሱን ውርስ ራሱ ወረሰ። ሰዉም አመነ። እኛ ዘንድ አካል መቀየር አይጠይቅም፣ ድርጅቱን ዘግቶ በባለቤቱ ወንድም ስም መክፈት ይበቃል።

በ2025 የወጣውን አዲሱን ፊልም ደግሞ ሲኒማ ቤት ሄደን አየን። ኒኮላስ ሆልት ነው ሉተር። አንድ አገር ሌላውን እንዲወር ያግዝና ከተወረረው መሬት ግማሹን ለራሱ ይዋዋላል። እዚህ ላይ አልሳቅሁም። የሳቅሁት ዝንጀሮዎቹን ሳይ ነው። ሰውዬው ሱፐርማንን በኢንተርኔት የሚሰድቡለት ዝንጀሮዎች አሉት፤ ተደርድረው ኪቦርዱን ይቀጠቅጣሉ። ስለ ሪል ስቴቱ ፌስቡክ ላይ ሁለት መስመር ጽፌ ነበርና፣ በአንድ ሌሊት ስንት ሰው እንደሰደበኝ ትዝ አለኝ። «ምቀኛ»፣ «የልማት ጠላት»፣ «ፓርኪንግህን ጠብቅ»። የፓርኪንጉን በምን አወቁት?

ይሄን እየጻፍኩ ሳለ አንድ ወዳጄ ከዳላስ ደወለ። ሰውዬው ዳላስ ሊመጣ ነው፣ አዳራሽ ተይዟል፣ አንተ ታውቀዋለህና ምን ትመክረኛለህ አለኝ። ሁሉንም ነገርኩት፤ ደብዳቤውን፣ ጉድጓዱን፣ ማር ድምፅ ያላትን ልጅ። በትዕግሥት ሰማኝ። ስጨርስ «አይ፣ ቅድሚያውንስ ከፍያለሁ» አለኝ፣ «የጠየቅሁህ ስንተኛ ፎቅ ይሻላል ብዬ ነው።»