ገጣሚ ይፈለጋል

የእህቴ ልጅ ሰርግ አሥር ቀን ቀርቶታል። የጥሪ ካርዱ ግን እስካሁን ማተሚያ ቤት ነው። ዛሬ ለአራተኛ ጊዜ ደሴ ፒያሳ ወርጄ ጠየቅሁ። «ጋሼ አብሽር፣ ነገ ይደርሳል» አለኝ ልጁ። ይኼው «ነገ» ባለፈው ማክሰኞም ነበረ።

ልወጣ ስል በሩ ላይ አዲስ ማስታወቂያ አየሁ። «ከድርጅታችን ባህል ጋር የሚገጥም ሠራተኛ እንፈልጋለን» ይላል። መጀመሪያ ገጣሚ የፈለጉ መስሎኝ ነበር። ወሎ ውስጥ ደግሞ ለገጣሚ ማስታወቂያ አይለጠፍም፤ ሰርግ ቤት ገብቶ ከበሮ የያዘችውን መጥራት ነው።

ተመልሼ ገባሁ። ባለቤቱ ጓደኛዬ ነው። አራት ሆነው የጀመሩት ሥራ አድጎ ሰባት ሊሆኑ ነው። አዲስ አበባ የሁለት ቀን ሥልጠና ወስዶ «ካልቸር ፊት» የምትል ቃል ይዞ መጥቷል፤ ያው «ከባህላችን ጋር መግጠም» ማለት ነው። ድሮ ሰው ከአዲስ አበባ ሲመለስ ዳቦ ነበር የሚያመጣው።

«ሙያ ይለመዳል፤ ጠባይ ግን አይለመድም» ብሎ አስረዳኝ። ክፉ ሐሳብ አይደለም። ትልቅ ፋብሪካ ውስጥ አንድ ነገረኛ ቢገባ ማንም ልብ አይለውም። አራት ሰው ያለበት ቤት ሲገባ ግን ቤቱ ራሱ ነገረኛ ይሆናል። እዚህ ድረስ ተስማማን።

«ታዲያ ባህላችሁ ምንድን ነው?» አልኩት።

ጣሪያውን አየ። «እንደ ቤተሰብ ነን» አለኝ።

እዚህች ላይ ትንሽ ልናደድ። እኔ ቤተሰብ አለኝ። ወንድሜ የተበደረኝን ገንዘብ እስከ ዛሬ አልመለሰም፤ ቤተሰብ ማለት እሱ ነው። «እንደ ቤተሰብ ነን» የሚል ቀጣሪ ቅዳሜ ማታ ያሠራሃል። የትርፍ ሰዓት ስትጠይቀው «ከወንድምህ ጋር ሒሳብ ትተሳሰባለህ እንዴ?» ይልሃል። የትርፉ ቀን ሲመጣ ግን ዝምድናው ይቆማል። ቤተሰብ ከሆንን ውርሱስ?

ጓደኛዬ ከልቡ ቢናገር ኖሮ «ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ካመዱ» ነበር የሚለው። ይህን ተረት እወደዋለሁ፤ አህያዋን ስለምወዳት ነው። ልጅ ሆኜ ወረኢሉ አያቴ ቤት ክረምቱን ስከርም፣ ከጓሮ የተደፋ አመድ ላይ ስትንከባለል አያት ነበር። አራት እግሯን ወደ ሰማይ ሰቅላ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ አመዱን እያቦነነች። እንዲያ ያለ ደስታ ሰው ላይ አይቼ አላውቅም። ብቻ አንድ ነገር አለ። ጭነት ተጭና አመድ ላይ የምትንከባለል አህያ አላየሁም። ለሥራ ስትፈለግ ከአመዱ ጎትተው ነው የሚያስነሷት።

ይህን ነገር እንዲህ የማከርረው ቂም ስላለብኝ ነው። በ1989 ዓ.ም. አንድ መሥሪያ ቤት ለንብረት ክፍል ሠራተኛ ተወዳድሬ ነበር። ፈተናውን አልፌያለሁ። ለቃለ መጠይቅ ስገባ ሦስት ሰዎች ተቀምጠዋል። መሐል ያለው ቀልድ ተናገረ። ግራና ቀኙ ሳቁ። እኔ ቀልዱ እስኪገባኝ ትንሽ ዘገየሁ። «ጎበዝ ልጅ ነው፤ ከእኛ ጋር ግን አይሄድም» ማለታቸውን ኋላ ሰማሁ። የተቀጠረው ቀልዱ ሳያልቅ የሳቀው ነው። ያኔ እኛ ጋ «ካልቸር ፊት» የሚባል ቃል አልነበረም፤ «የማን ልጅ ነህ?» ነበር የሚባለው።

ፈረንጆቹም ቢሆኑ ከእኛ አይሻሉም። ላውረን ሪቬራ የምትባል የሶሲዮሎጂ ምሁር በአሜሪካ ትልልቅ ባንኮች፣ የሕግና የማማከር ድርጅቶች ሠራተኛ የሚመርጡ 120 ሰዎችን አነጋግራ፣ ጥናቷን በ2012 እ.ኤ.አ. አሳትማለች። ከመራጮቹ ብዙዎቹ የሚፈልጉት አብሯቸው የሚጫወት፣ የእነሱን የሚመስል ሰው ሆኖ ተገኘ። «ከዚህ ሰው ጋር አውሮፕላን ማረፊያ ውስጥ ብንቀር ይሰለቸኛል ወይ?» ብለው ራሳቸውን የሚጠይቁም አሉ። እኔ ኮምቦልቻ አውሮፕላን ማረፊያ ብቀር የምፈልገው ተጫዋች አይደለም። ደሴ የሚያደርሰኝ መኪና ያለው ሰው ነው።

ደግሞ ባህል ከተባለ ይኼ አገር ባህል የሚያስተምረው ሰው ይጎድለዋል? ንጉሥ ሚካኤል እዚሁ ደሴ ያሠሩት የግብር አዳራሽ ስሙ «አይጠየፍ» ነው። እስላሙም ክርስቲያኑም የሚስተናገድበት ስለሆነ ነው እንዲያ የተባለው ሲሉ ሰምተን አድገናል። በደቦ አጨዳም ቢሆን የሚታየው ማጭድህ ነው። ጨዋታ ካወቅህ እሰየው፣ ካላወቅህም አዝመራው ይታጨዳል።

ይህን ሁሉ ለጓደኛዬ አልነገርኩትም። ያልኩት አንድ ነገር ብቻ ነው። «የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ፣ 1156/2011፣ እስከ 60 የሥራ ቀን የሙከራ ጊዜ ይሰጥሃል። ፊቱን ከምታይ ሥራውን እይ።»

«ሕግ አታምጣብን ባክህ፤ ከትናንት ወዲያ አንድ ልጅ መጥቶ ነበር» አለኝ። «ገና ሳይቀመጥ መቁረጫችሁ ያጣምማል አለን። አልገጠመንም።»

«መቁረጫችሁ ያጣምማል እንዴ?»

ዝም አለ። የማተሚያ ቤቱ ልጅ ከጓዳ አንድ ካርድ አምጥቶ አሳየኝ። ወረቀቱ ወፍራም ነው፣ ቀለሙ ያምራል። ቀኙ ጠርዝ ግን እንደ ጦሳ ተራራ ተዳፋት ወደ ታች ወርዷል። የሙሽራው ስም የመጨረሻ ፊደል አብሮት ወርዷል። የእህቴ ልጅ ግማሽ ሰው ልታገባ ነው።

«የዚያ ልጅ ስልክ አለህ?» አልኩ።

«አብሽር፣ በእጅ እናስተካክለዋለን። ይልቅ ቁጭ በል፣ ቶና ደርሷል።»

ጥግ ላይ ጀበናው ተጥዷል። አራቱም መቁረጫውን ከበው ተቀምጠዋል፤ የስኒው ረከቦት ያለው መቁረጫው ላይ ነው። አንዱ ቀልድ ጀመረ። እውነት ለመናገር ጥሩ ቀልድ ነበር። በረካው እስኪደርስ ስለ ስልኩ ደግሜ ልጠይቅ አስቤ ነበር። ሰኞ ገበያ ሰፈር ስደርስ ነው ትዝ ያለኝ።