እርማት፦ ለስ ከለር አያሳይም የሚባለው ልክ አይደለም

ለስ ተርሚናል ላይ ረጅም ጽሑፍ ገጽ በገጽ የሚያሳይ ፕሮግራም (ፔጀር) ነው፣ ካት ደግሞ ጽሑፉን በአንዴ የሚያፈስ ኮማንድ። "ለስ ከለር አይችልም፣ ፔጀሩን ካት አድርጋችሁ ተገላገሉ" ያልከው ልክ አይደለም ወንድሜ፣ ብዙ ሰው ይለዋል ግን ጀማሪዎች አምነውት ሲያደርጉት ያሳዝነኛል። ለስ ከለር በደንብ ያሳያል፣ ትልቁን አር ኦፕሽን ስጠው ብቻ። ትንሿን አር ግን ተዋት፣ እሷ ሁሉንም ኮንትሮል ካራክተር (ለተርሚናሉ ትዕዛዝ የሚሰጡ ድብቅ ኮዶች) እንዳለ ስለምትለቅ ለስ ስክሪኑ ላይ ምን እንዳለ መከታተል ያቅተውና ረጃጅም መስመሮች ያለቦታቸው ይቆረጣሉ።

ጊት (የኮድ ለውጥ መከታተያው) ላይ በከለር ፋንታ ኢኤስሲ ምናምን የሚል ነገር የሚመጣው ለምን መሰለህ፣ ለስ የሚባለው ኢንቫይሮንመንት ቫሪያብል (የለስን ኦፕሽኖች የሚይዝ ሴቲንግ) ጭራሽ ካልተሰጠ ጊት ራሱ ኤፍ፣ አር፣ ኤክስ የሚሉትን ኦፕሽኖች ይሞላልሃል፣ አንተ ባሽ ኮንፊግህ ውስጥ ሌላ ነገር ከሰጠኸው ግን አይነካውም፣ ስለዚህ አሯ ትቀራለች ማለት ነው። እሷን ጨምርበት። ኤፏን ካከልክ ደግሞ ጽሑፉ በአንድ ስክሪን ካለቀ ለስ ራሱ ይወጣል፣ ካትን ያስመኘህም ይሄ ይመስለኛል።

ፔጀር የሚባለውን ቫሪያብል በሙሉ ካት ካደረግከው ግን ማንፔጀር የሚባለውን ቫሪያብል ለብቻ ካልሰጠህ በቀር ማን ፔጁም (የኮማንዶች ማኑዋል) አብሮ ይበላሻል፣ ረጅም ማኑዋል በአንዴ ይፈስና ወደ ላይ ስክሮል ስታደርግ ትውላለህ፣ ሰርችም የለም። ለጊት ብቻ ከሆነ የራሱን ኮር ዶት ፔጀር የሚባል ሴቲንግ ቀይር፣ እሱ ከፔጀር ቫሪያብል ይቀድማል።

ግሬፕን (ጽሑፍ ውስጥ ቃል የሚፈልገውን ኮማንድ) ወደ ለስ ፓይፕ ስታደርግ፣ ማለትም ውጤቱን ለለስ ስታስተላልፍ፣ ከለር ከጠፋ ደሞ የለስ ጥፋት አይደለም፣ ግሬፕ ከለሩ አውቶ ላይ ከሆነ ውጤቱ ወደ ተርሚናል እንደማይሄድ ሲያይ ራሱ ያጠፋዋል፣ የከለር ኦፕሽኑን ኦልዌይስ በለው።