ከኮሎኝ ጠረጴዛ እስከ ደሴ ቆርቆሮ

በጀርመኗ ኮሎኝ ከተማ፣ ኖይማርክት አደባባይ ላይ ታሸን የሚባል አሳታሚ የራሱ መደብር አለው። ከሥራ ስወጣ ጎራ እላለሁ። የሥዕልና የፎቶ መጻሕፍት ጠረጴዛ ላይ ተዘርግተዋል። ባትገዛም ቆመህ ብታገላብጥ የሚቆጣህ የለም።

አንድ ቀን እዚያ ቆሜ አንድ ትልቅ መጽሐፍ ስገልጥ የአገሬ ተራሮች ድቅን አሉብኝ። ያነሳቸው ብራዚላዊው ሰባስቲያዎ ሳልጋዶ ነው፤ ከላሊበላ እስከ ሰሜን ተራሮች በእግሩ ሄዶ። ይኸው ሰው እ.ኤ.አ. በ1984 ኮረም መጠለያ ገብቶ የተራቡ ወገኖቻችንን አንስቷል። ኮረም ያኔ ወሎ ነው። ዓለም ወሎን ያየው በዚያ ዓይነት ፎቶ ነው። ዛሬም እዚህ አገሬን ስናገር፣ ዕድሜው የገፋ ጀርመናዊ ፊቱ ቅጭም ይላል።

የታሸን አጀማመር ትንሽ ነው። ቤኔዲክት ታሸን እ.ኤ.አ. በ1980፣ ገና በ18 ዓመቱ፣ 25 ካሬ ሜትር ሱቅ ከፍቶ ኮሚክስ፣ ማለትም ታሪክን በሥዕል የሚተርክ መጽሔት፣ መሸጥ ጀመረ። በ1984 ስለ ሠዓሊው ማግሪት የተጻፈ፣ ገዢ አጥቶ የተከማቸ መጽሐፍ 40,000 ቅጂ ገዛና በርካሽ ቸበቸበው። ሰው የሥዕል መጽሐፍ የማይገዛው ጠልቶት ሳይሆን ዋጋው አልቀመስ ብሎት እንደሆነ ገባው። በዓመቱ ስለ ፒካሶ የራሱን አሳተመ፤ ርካሽ የሠዓሊዎች ተከታታይ መጽሐፍም ከዚያ ቀጠለ። በ1999 ደግሞ የፎቶ አንሺውን የሄልሙት ኒውተንን ፎቶዎች 30 ኪሎ ገደማ በሚመዝን መጽሐፍ አወጣ፤ ማስቀመጫ ጠረጴዛ አብሮት ይሸጥ ነበር። እኔን የሚገርመኝ ግን ግዙፉ አይደለም፤ ተማሪ በኪሱ ገንዘብ የሚገዛው ነው።

ባለፈው ክረምት ደሴ ገባሁ። የጦሳ ተራራ በጉም ተሸፍኗል። አክስቴ ቡና እያፈላች አልበሙን ሰጠችኝ። እኛ ቤት እንግዳ ሲመጣ መጀመሪያ የሚቀርብለት አልበም ነው። አቦሉ እስኪወርድ ሠርግ፣ ክርስትና፣ ምርቃት፣ የወታደር ልብስ የለበሰ አጎት ታያለህ። የሥዕል መጽሐፍ ባህል የለንም የሚሉ ሰዎች ይህን ረስተውታል ባይ ነኝ።

በማግስቱ ፒያሳ አካባቢ ወደነበረ አንድ አሮጌ ፎቶ ቤት ወሰደችኝ። ባለቤቱ ሽማግሌ ናቸው። ከመደርደሪያው ላይ የወተት ቆርቆሮዎች አወረዱ። ውስጣቸው ኔጋቲቭ፣ ፎቶ የሚታጠብበት ፊልም፣ ነው፤ በጋዜጣ የተጠቀለለ፣ ጥቂቱ እርጥበት በልቶት የተጣበቀ። በ2014 ዓ.ም. ጦርነት የከተማው ሙዚየም ሲዘረፍ የእሳቸውም ሱቅ ተሰብሯል። ከመንገድ የለቀሙትን መልሰው ከተውታል።

«ጋሼ፣ ይህን ሁሉ ለምን አስቀመጡት?» አልኳቸው።

«ፎቶው የባለቤቱ ነው። ኔጋቲቩ ግን አደራ ነው፣ ልጄ» አሉኝ።

እነዚህ ቆርቆሮዎች መጽሐፍ መሆን አለባቸው። ወረቀት ከውጭ ይገባል፣ ኅትመት ውድ ነው፤ አውቃለሁ። ግን ፎቶዎቹ ጥቁርና ነጭ ናቸው፤ እንደ ባለ ቀለም አያስወጡም። በውጭ አገር የሥዕል መጽሐፍ አሳታሚዎች አንድ ዘዴ አላቸው። ባለ ቀለም ገጽ በአራት ቀለም ነው የሚታተመው፤ ጽሑፉ ያለው በጥቁሩ ላይ ነው። ለሌላ ቋንቋ የጥቁሩን ማተሚያ ሰሌዳ ብቻ ይቀይራሉ፤ ወጪው ለብዙ አገር ይከፋፈላል። ታሸን ደግሞ አንዳንዴ ሦስት ቋንቋ በአንድ መጽሐፍ ያሰፍራል። ለእኛም አማርኛ፣ ኦሮምኛና እንግሊዝኛ ጎን ለጎን ቢሆን፣ ደሴም የሚገዛው አለ፣ ኮሎኝም እኔ አለሁ። ከሁሉም የሚቀድመው ግን ኔጋቲቩን ስካን ማድረግ ነው። እርጥበቱ አይጠብቀንም።

ሽማግሌው አንዷን ኔጋቲቭ በጣታቸው ጫፍ ይዘው ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሷት። ነጠላዋን ያጣፋች ወጣት ናት፤ ከኋላዋ መጋረጃ ላይ የተሳለ ሐይቅ ይታያል። እሳቸው ስሟን አላስታወሱም። አክስቴ ተጠግታ አየች።

«የሸዋ በሯ ዳቦ ሻጭ! አላወቃችኋትም እንዴ? ጠዋት ጠዋት ለትምህርት ስንሄድ ትርፍራፊውን በነጻ የምትሰጠን!»