ይድረስ ለተከበሩ ድንቢጥ

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ ከናፍቆትዎ በቀር ደኅና ነኝ እንዳልል፣ አንድም ቀን ለመናፈቅ ጊዜ ሰጥተውኝ አያውቁም። ገና የመኖውን ክዳን ስከፍት ከነቤተሰብዎ የጣሪያው ጠርዝ ላይ ተሰልፈው አገኝዎታለሁ። ዶሮዎቼ ከቆጣቸው ሳይወርዱ እርስዎ ቁርስዎን ጨርሰዋል።

ስለ መኖው አልከራከርም። እፍኝ የማይሞላ ሰውነት ምን ያህል ቢበላ ነው ብዬ ነበር፤ ሃምሳ ሆነው እንደሚመጡ ያኔ አልቆጠርኩም። ያንገበገበኝ ምስጋና አከፋፈልዎ ነው። አንድ ጠዋት በመስኮት አየሁዎት። ከውኃ መጠጫው ጠርዝ ላይ ቆሙ፣ ሦስት ጊዜ ጎንበስ ቀና ብለው ጠጡ፣ ምንቃርዎን ግራና ቀኝ ጠረጉ፤ ከዚያም ጀርባዎን ወደ ውኃው አዙረው ኩስዎን ጠብ አድርገው በረሩ። ያቺ ጠብታ ሳልሞኔላ የሚባለውን ባክቴሪያ ትያዝ ወይም የፈንግል ቫይረስ እርስዎን መጠየቅ ከንቱ ነው፤ በሽታ ተሸክመውም መዘመር ይችሉበታል። ፈንግል የያዛት ቄብ ግን አንገቷ ተጣሞ፣ አረንጓዴ ተቅማጥ ሲያጣድፋት መቆምም ያቅታታል።

የወፍ ጉንፋኑን እንኳ በእርስዎ ላይ አላላክክም። ዋነኞቹ ተሸካሚዎች ዳክዬና ዝይን የመሳሰሉ የውኃ አእዋፍ ናቸው፤ ዛሬ ዓለምን ያስጨነቀው የጉንፋኑ ዝርያ፣ ኤች5ኤን1፣ የዘር ግንዱ እ.ኤ.አ. በ1996 በቻይና ጓንግዶንግ የተገኘው ከዝይ ነው። እርስዎ ግን የእነሱን ኩስ ረግጠው እግርዎን ሳይጠርጉ ይገባሉ። እኔ ባለቤቱ ለዶሮ ቤት ብቻ የማውለው ጫማ አለኝ።

የባሰው ግን ከጣሪያው ሥር ከሠሩት ጎጆ የወረደልኝ ስጦታ ነው። ዶሮዎቼ ሲመሽ ቆጥ ላይ አንወጣም አሉ፤ በአናታቸው ያለው ቀይ ሥጋ ገረጣ። ሌሊት ባትሪ ይዤ ገባሁ። ከቆጡ እንጨት ሥር አመድ የመሰለ ነገር አለ። በጣቴ ስዳብሰው አመዱ ተንቀሳቀሰ፤ ጣቴም ደም ሆነ። ቀን ስንጥቅ ውስጥ ተሸሽገው ሌሊት ደም የሚመጡ ቀይ ተባዮች! ዶሮዎቹን ሌላ ቤት አስገብቼ ተባዮቹን በረሃብ እቀጣለሁ ብዬ ነበር። ለካ ደም ሳይቀምሱ ወራት ይቆያሉ። እያንዳንዱን ስንጥቅ ስፍቅና ስደፍን የተቀጣሁት እኔ ነኝ።

አጥሬም ሳያስቅዎት አልቀረም። ቀዳዳው 5 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሽቦ ዶሮ እንዳይወጣ እንጂ ድንቢጥ እንዳይገባ አልተሠራም። አሁን ከ2 ሴንቲ ሜትር ያነሰ ቀዳዳ ያለው መረብ እየዘረጋሁ ነው፤ አንድ ጎን ቀርቶኛል። ጣሪያውን ቆርቆሮ አልብሼዋለሁ። ጎጆዎንም ልጆችዎ በርረው እስኪወጡ ጠብቄ ነው ያነሳሁት፤ ይህን ውለታ አይርሱብኝ።

መኖው ደግሞ ዶሮ ስትረግጠው ብቻ የሚከፈት ሣጥን ውስጥ ገብቷል። ክብደትዎ 30 ግራም ገደማ ስለሆነ ቢዘሉበትም አይከፈትልዎትም። እንዲያ ብዬ ስኮራ፣ ትናንት የእኔው ዶሮ ረግጣ ስትከፍተው እርስዎ ከጎኗ ቆመው ሲለቅሙ አገኘሁዎት። እሷም ጠጋ ብላ ቦታ ለቀቀችልዎት።

አክባሪዎ፣
የዶሮዎቹ ባለቤት ነኝ ባይ