ለክቡር ዋልካ ጭቃ፣ ባሉበት

ጉዳዩ፦ የከረመ ቅሬታ ስለማቅረብና የድንበር ስምምነት ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

በቅድሚያ የአክብሮት ሰላምታዬን አቀርባለሁ። የጤናዎን ነገር መጠየቅ ትርፍ ነው፤ ሰኔ ከገባ ወዲህ በዚህ አገር እንደ እርስዎ የፋፋ፣ የደላውና ውኃ የጠገበ ማንም የለም። እኛ ስንከሳ እርስዎ ይወፍራሉ። «እግዚአብሔር ይጨምርልዎ» ማለት እንኳ ያስፈራል፤ ሰምቶ ቢጨምርልዎስ?

አመልካች በአዲስ አበባ ዙሪያ ባሉ ተራሮች ላይ ብስክሌት የምነዳ ሰው ነኝ። ከአስፋልት ይልቅ የአህያ መንገድ የሚማርከኝ፣ እሑድ ጠዋት ሰው እንቅልፉን ሲያጣጥም በእንጦጦ ዳገት ላይ የምለፋ። ከተማው ራሱ ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር ከፍ ብሎ ተቀምጧል፤ የእንጦጦ አናት ደግሞ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። ትንፋሹን ለቀጭኑ አየር፣ ጉልበቱን ለዳገቱ ከፍሎ የሚወጣ ሰው ሦስተኛ ቀራጭ ባላስፈለገው ነበር። እርስዎ ግን ከተራራው ማዶ፣ ሱሉልታ ሜዳ ላይ ኬላዎን ዘርግተው ይጠብቁኛል።

እውነቱን ለመናገር በበጋውም ወዳጄ አልነበሩም። ጥርና የካቲት ላይ ውኃው ሲሸሽዎ በንዴት ይሰነጣጠቃሉ፤ ክንድ የሚውጥ ስንጥቅ ይከፍታሉ። የፊት ጎማ ከስንጥቁ ጋር ትይዩ ከሄደ አለቀለት፤ መሻገር ያለበት በአግድም ነው። ሆኖም የበጋው ስንጥቅ በዓይን ይታያል፤ ሰላምታ ተለዋውጦ ማለፍ ይቻላል። የምከስዎ በክረምቱ ነው።

አካሄድዎን አጥንቼዋለሁ። መጀመሪያ ጎማውን በስሱ ይነኩታል፤ ጥቁር፣ የሚያብረቀርቅ፣ ምንም የማይመስል ሽፋን። ጎማው ዞሮ ሲመለስ ሽፋኑ ሌላ ሽፋን ይጠራል። ከመንገዱ ዳር ሣር ይነጫል፣ ጭድ ይለቀማል፣ አንዳንዴም ጠጠር ይጋበዛል፤ ለቤት ግድግዳ የሚቦካ ጭቃ እንኳ ከዚህ የተሻለ አይቦካም። የጎማው ጥርሶች አንድ በአንድ ይሰወራሉ። ተራራ ሊቧጥጥ የተሠራው ጎማ ልሙጥ፣ ወፍራምና ክብ ነገር ይሆናል። ከዚያ ጎማውን ከያዙት ሁለት እግሮች ጋር መፋተግ ይጀምራል፤ «ጭርርር» ይላል። ቀጥሎ ድምፁም ይጠፋል። ብስክሌቱ ይቆማል፤ እኔ ግን ለጊዜው ጉዞዬን እቀጥላለሁ።

በእጆቼ የማርፈው እርስዎ ላይ ስለሆነ አጥንት አይሰበርም። ለዚህ አመሰግናለሁ። ምስጋናዬ ግን ከተነሣሁ በኋላ ብዙ አይቆይም፤ ምክንያቱም ባዶውን 13 ኪሎ ገደማ የሚመዝነው ብስክሌት አሁን በትከሻዬ ላይ ነው፣ እርስዎም በላዩ ተፈናጠዋል። ብስክሌት ሰውን እንዲሸከም ተሠራ፤ እርስዎ ሰውን የብስክሌት ኩሊ አደረጉት። ባለፈው ክረምት እንዲህ ተሸክሜ ስንገዳገድ ከላሞቹ ጋር የቆመ እረኛ ልጅ ለጥቂት ጊዜ ዝም ብሎ ተመለከተኝና፣

«ጋሼ፣ ታሞብዎት ነው?» አለኝ።

አልሣቀም። ከልቡ ነው የጠየቀኝ። ዱላውን አቀብሎኝ በጎማውና በእግሮቹ መካከል የተቀረቀረውን ጭቃ አብረን ፈልቅቀን አወጣን። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቦርሳዬ ውስጥ ጫፉ ጠፍጣፋ የሆነ የእንጨት ቁራጭ አይጠፋም። ብረት እንዳይሆን፤ ብረት ጎማውንም ቀለሙንም ይቦጭቃል። በገበያ ላይ ብዙ ውድ መሣሪያ አለ፤ በሰኔ ግን ከዚያ ቁራጭ እንጨት የሚበልጥ አላየሁም።

«ከድጡ ወደ ማጡ» የሚለውን ሌላው ሰው በምሳሌ ይናገረዋል። እኔ በካርታ ላሳይዎ እችላለሁ። ድጡ የእንጦጦ ቁልቁለት ነው፤ በምኒልክ ዘመን ከአውስትራሊያ የመጣው ባሕር ዛፍ ቅጠሉን አንጥፎ፣ ሥሩን በመንገዱ ላይ አጋድሞ፣ ዝናብ ቀብቶት ይጠብቃል። ማጡ ከግርጌ ያሉት እርስዎ ነዎት። በሥሩ ላይ መሪውን ያዞረ፣ ፍሬን የነካ ሰው እርስዎ ዘንድ የሚደርሰው ተንሸራቶ ነው። እርጥብ ሥር በአግድም፣ ቀጥ ተብሎ፣ ፍሬን ሳይነካ ይታለፋል፤ ፍጥነት የሚቀነሰው ሥሩ ላይ ሳይደረስ ነው። ይህን ለእርስዎ መንገሬ እንግዳዎን ለመቀነስ ነው።

የሚያበሳጨኝ ደግሞ ተጽዕኖዎ ከሜዳው አልፎ ከተማ ድረስ መግባቱ ነው። ጉልበቴ ያለቀ ዕለት አስፋልቱ ዳር ቆሜ ሚኒባስ እጠብቃለሁ። ረዳቱ ከሩቅ ሲያየኝ ፊቱ ይበራል፤ ብስክሌት ማለት ተጨማሪ ሒሳብ ነው። ሲቀርብ እርስዎን ያያል። «ሞልቷል!» ይላል። ውስጥ የተቀመጡት ሦስት ሰዎች ናቸው። በአዲስ አበባ የታክሲ ታሪክ ሚኒባስ በሦስት ሰው ሞልቶ የሚያውቀው በእርስዎ ምክንያት ብቻ ነው። ቤት ስደርስ ባለቤቴ በሩን ትከፍታለች፣ ከላይ እስከ ታች ታየኛለች፣ መልሳ ትዘጋዋለች። ከውስጥ «ቧንቧው በጓሮ በኩል ነው» የሚል ድምፅ ይሰማል። ቧንቧው የት እንዳለ አውቃለሁ፤ ያስገባሁት እኔ ነኝ።

ማንነትዎን የማላውቅ አይምሰልዎ። የአፈር ባለሙያዎች ቨርቲሶል ይሉዎታል፣ በሰሜን ሸዋ መረሬ ይሉዎታል፤ ይዞታዎ በኢትዮጵያ ብቻ ከ12 ሚሊዮን ሄክታር በላይ ነው። ይህን ያህል መሬት ያለው ባለርስት፣ ስፋቱ ስድስት ሴንቲሜትር የማይሞላ ጎማዬን ለምን ይመኛል? ሰውነትዎ እጅግ ደቃቅ ከሆነ ሸክላ የተሠራ ነው፤ ቅንጣቶቹ ስስ ንብርብር ናቸውና ውኃው በመካከላቸው እየገባ ያሳብጥዎታል። አንዴ ከጠገቡ ደግሞ አያሳልፉም፤ ያገኙትን ይዘው ቁጭ ነው። ይህን ጠባይ በአንዳንድ መሥሪያ ቤቶችም አይቻለሁ፤ እርስዎ ግን ቢያንስ በጥቅምት ይለቃሉ።

የአድዓና የበቾ ጤፍ በእርስዎ ላይ እንደሚበቅል፣ ዝናቡ ሲያቆም ሽምብራውና ጓያው እርስዎ ይዘው ባቆዩት እርጥበት እንደሚደርሱ አልክድም። ዛሬ ጠዋት የበላሁት እንጀራም ከእርስዎ ጓዳ የወጣ ሳይሆን አይቀርም። «የበላበትን ወጪት ሰባሪ» ቢሉኝ መልስ የለኝም። ግን በሰሜን ሸዋ እነዋሪ አካባቢ ያሉ ገበሬዎች እንዴት እንደያዙዎ ሰምቻለሁ፤ አፈሩን በእጃቸው ወደ ሰፋፊ መደብ እያነሡ፣ በመካከሉ ቦይ እያበጁ ትርፍ ውኃዎን ያፈሱብዎታል። እርስዎም ጸጥ ብለው ስንዴ ያበቅላሉ። ለካ ሲፈልጉ ጨዋ ነዎት! ለብስክሌተኛ ቦይ የሚያወጣለት ስለሌለ ነው የናቁኝ።

ስለዚህ እኔም መሣሪያዬን ታጥቄአለሁ። ስልቱን በግልጽ የምጽፍልዎ፣ አውቀውም ምንም ስለማያመጡ ነው።

ክረምት ሲገባ ሰፊውን ጎማ አወልቃለሁ። ብዙ ሰው ጭቃ ሲያይ ሰፊ ጎማ ያስገባል፤ ሰፊው ግን ክፍተቱን ራሱ ስለሚሞላው ለእርስዎ ሥራ ማቅለል ነው። ጠበብ ያለ፣ ጥርሱ ረዥምና የተራራቀ ጎማ እርስዎን በሽክርክሪቱ ይተፋዎታል። ነፋሱን ትንሽ ቀነስ አደርጋለሁ፤ ብዙ ሲቀነስ ግን ድንጋይ ላይ የውስጥ ጎማውን ከቸርኬው ጋር ነክሶ ይበሳዋል፣ ያን ጊዜ ጎሚስታውን እንጂ እኔን አይጠቅምም። ከፊት አጭር ፓራፋንጎ አስሬአለሁ፤ ልብሴን ለማዳን ሳይሆን ዓይኔን ለማዳን ነው፤ ቁልቁለት ላይ ዓይን ውስጥ የገባ ጭቃ ቀልድ አያውቅም። ወደ እርስዎ የሚያስገባ ነገር ሲገጥመኝ ማርሹን አስቀድሜ አቀላለሁ። በጭቃ የታፈነ ማርሽ በሙሉ ጉልበት እየተረገጠ ከተቀየረ የኋላ መቀየሪያው ወደ ሽቦዎቹ ይገባል፤ የያዘችው ትንሽ ብረት ከተሰበረች ቀሪው መንገድ በእግር ነው። ያቆረ ውኃም ሲገጥመኝ በዳር አልዞርም፤ በመካከል ቀጥ ብዬ አልፋለሁ። ዳር ዳሩን የሚሸሽ ሁሉ መንገዱን በየሳምንቱ ያሰፋዋል፤ ዳሩ ላይ ደግሞ የአጥር ቅርንጫፍ ይጣላል፣ የጭቃ ውስጥ እሾህ የሚባለውን እዚያ በጎማ ያነብቡታል።

ከሁሉም በላይ አድራሻዬን ቀይሬአለሁ። በሐምሌና በነሐሴ ከእርስዎ ሜዳ ወጥቼ ወደ ቀይ አፈርና ወደ ድንጋያማው መንገድ እሄዳለሁ። በ2013 ዓ.ም. በተከፈተው የእንጦጦ ፓርክ የተሠራ መንገድ አለ፤ ራቅ ማለት ስፈልግ የመናገሻ ሱባ ደን አለ፣ ጽዱን ዐፄ ዘርአ ያዕቆብ አስተክለውታል የሚባለው። ቀይ አፈር ዝናብ ይጠጣል፣ ጥቂት ፀሐይ ሲያገኝ ይቅር ይላል። እርስዎ ይቅርታ ለማድረግ ሳምንታት ያስፈልግዎታል።

በነዚህ ጠባብ መንገዶች ላይ የማገዶ እንጨት በጀርባቸው ተሸክመው የሚወርዱ እናቶች አሉ። መንገዱን በእግራቸው ያወጡት እነርሱና አህዮቹ ናቸው። ከሩቅ ድምፅ ማሰማት፣ ወርዶ ብስክሌቱን ወደ ገደሉ በኩል ይዞ መቆም፣ «በርቱ» ማለት። ሸክም የያዘ ሰው በጭቃ ላይ ድንገት መቆም አይችልም፤ የሚቆመው ጎማ ያለው ነው።

አሁን ደግሞ ስለ መታጠቡ፤ በዚህ ጉዳይ ከወዳጆቼም ጋር አንስማማም። «ጭቃው ይድረቅ፣ በብሩሽ ይራገፋል» ይላሉ። ለቀይ አፈር እውነት ነው። እርስዎ ከደረቁ ግን መዶሻ ይጠይቃሉ፤ ስለዚህ እርጥብ እያሉ፣ ቀስ ብሎ በሚወርድ ውኃ፣ በለስላሳ ብሩሽ አወርድዎታለሁ። ላቫጆ ቤት ወስጄ በግፊት ውኃ የሚያሳጥብ ሰው ሳይ ሆዴን ያመኛል፤ ብስክሌቱ ሲያብረቀርቅ ይደሰታል፣ ውኃው ግን ግራሶውን ከኩሽኔታው አስወጥቶ እርስዎን በቦታው አስገብቷል። ከወር በኋላ ፔዳሉ ሲረገጥ እህል የሚፈጭ ድምፅ ይመጣል። ሰንሰለቱን በትንሽ ነጭ ጋዝ በተነከረ ጨርቅ ጠርጌ፣ አድርቄ፣ ዘይቱን በየመጋጠሚያው ጠብ ጠብ አድርጌ ትርፉን መልሼ እጠርገዋለሁ። የሞተር ዘይት የሚያፈስበት አለ፤ እርስዎን ግብዣ መጥራት ነው። በመጨረሻ የፍሬን ሸራውን በባትሪ ብርሃን አያለሁ። በእርስዎ ውስጥ ያለው ደቃቅ አሸዋ በአንድ ዝናባማ ቁልቁለት የበጋ ወራትን ሸራ ሊበላ ይችላል፤ ብረት በብረት ሲነካካ ከሰማሁ ደግሞ ዘግይቻለሁ ማለት ነው።

ክቡርነትዎ፣ የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ከሰኔ እስከ መስቀል ሜዳው የእርስዎ ይሁን፣ ዳገቱ የእኔ። አልደርስብዎትም፣ አይድረሱብኝ። ከመስቀል በኋላ ግን አንድ ነገር ይተዉልኝ፤ ከላይ ደርቀው፣ ቅርፊት አብጅተው፣ ቢጫ አበባ ዳር ዳርዎ ላይ አስተክለው፣ ከሥር እርጥብዎን ደብቀው መጠበቅዎን። በሐምሌ ጠላትነትዎ ግልጽ ነው፣ አከብርልዎታለሁ። በመስከረም መጨረሻ የሚያደርጉት ግን ማጭበርበር ነው። ካልደረቁ «አልደረቅሁም» ይበሉ፤ እስከ ጥቅምት አጋማሽ መጠበቅ አያቅተኝም።

ይህ ሳይፈጸም ቢቀር በሕግ እንዳልጠይቅዎ የሚከለክለኝ ነገር ቢኖር መጥሪያውን የሚያደርስልኝ ሰው ማጣቴ ብቻ ነው፤ ሁሉም ጫማውን ይሳሳለታል።

ከሰላምታ ጋር፣
አመልካች፣ ከጓሮ ቧንቧው አጠገብ

ግልባጭ፦
ለሰንሰለት፣ እንዲያውቀው
ለኩሽኔታዎች፣ እስካሁን ካሉ
ለሚኒባሱ ረዳት፣ ከሦስት ሰው በላይ እንዲጭን
ለባለቤቴ፣ በሩ እንዲከፈት
ለፀሐይ፣ አስቸኳይ እርምጃ እንድትወስድ