ርካሽ ጉልበት ይዘን ማንን አስቀረን?

ሰሞኑን በቲቪ ስለ ኢንቨስትመንት ሲወያዩ አንዱ ተናጋሪ ያሉት ነገር እስካሁን ያንገበግበኛል። ለግል ድርጅት ሠራተኛ የደመወዝ ወለል፣ ማለትም ማንም ቀጣሪ ከዚያ በታች መክፈል የማይችልበት ዝቅተኛ ደመወዝ፣ ለምን አይወጣም ተብለው ሲጠየቁ "አሁን ጊዜው አይደለም፣ ወለል ካወጣን ፋብሪካዎቹ ጥለውን ይሄዳሉ" አሉ። የሞገታቸው የለም፣ ሁሉም ራሱን ነቅንቆ ወደሚቀጥለው ርዕስ አለፉ።

ቆይ፣ ይሄ ነገር እኮ በኛው አገር ተሞክሯል! ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2008 ተመረቀ፣ በ2011 የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ስተርን ቢዝነስ ትምህርት ቤት ተመራማሪዎች መጥተው ሲያጠኑ የጋርመንት ሠራተኛ መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር ነበር፣ ካነጻጸሯቸው አገሮች ሁሉ የመጨረሻው። ባንግላዲሽ 95፣ ኬንያ 207 ዶላር ይከፍሉ ነበር። ከዚህ በታች ወዴት ይወረዳል? ታዲያ ርካሽነቱ ማንን አስቀረልን? ጦርነቱ ሲብስ የካልቪን ክላይንና የቶሚ ሂልፊገር ባለቤት ፒቪኤች በኅዳር 2014 ፋብሪካዬን እዘጋለሁ አለ፣ ታኅሣሥ ላይ ደግሞ አሜሪካ የአፍሪካ ምርት ያለ ቀረጥ ከሚገባላት ዕድል፣ ከአጎዋ አስወጣችን፣ ሌሎቹም ተከተሉ። የሄዱት ደመወዝ በዝቶባቸው አይደለም። ባንግላዲሽ ወለሉን እየከለሰች እ.ኤ.አ. ከ2023 መጨረሻ ጀምሮ 12,500 ታካ አድርሳ ዛሬም ከዓለም ትልልቅ ልብስ ላኪዎች አንዷ ናት፣ ኬንያም ወለል እያላት ወደ አሜሪካ ትልካለች። "ይሄዳሉ" የሚሉን ሰዎች ወለል አውጥታ ባዶ የቀረች አንዲት አገር ይጥሩልን።

ደሞ ያ 26 ዶላር በጊዜው ምንዛሪ 750 ብር ገደማ ነበር፣ እስቲ በደንብ እናስላው። ያኔ ከግብር ነፃው 600 ብር ስለነበር የጋርመንት ፋብሪካዋ ልጅ ከ750 ብሯ የምትከፍለው የሥራ ግብር 15 ብር ነው። በሐምሌ 2016 ብሩ ለገበያ ተለቀቀ። ዛሬ ዶላሩን በ150 ብር ብናስበው ያው 26 ዶላር 3,900 ብር ይሆናል፣ ማለትም በውጭ ገዢው ዓይን ደመወዟ አንድ ሳንቲም አልጨመረም። በ2017 ክረምት የተሻሻለው የገቢ ግብር ሕግ ግን ነፃውን 2,000 ብር ላይ አቁሞ ከዚያ በላይ እስከ 4,000 ያለውን 15 በመቶ ይቆርጣል፣ ስለዚህ ከ3,900 ብሩ 285 ብር ግብር ይሄዳል። ደመወዙ በብር አምስት እጥፍ ቢያድግ ግብሩ አሥራ ዘጠኝ እጥፍ አደገ ማለት ነው። ይሄ እንግዲህ ደመወዟ ከዶላሩ ጋር እኩል ተራምዷል ብለን ነው፣ ስንት ፋብሪካ ነው እንደዛ ያደረገው? ያላደረገው ሁሉ በምንዛሪው ብቻ፣ አንድ ማሽን ሳይቀይር አንድ ሰዓት ሳያሠለጥን፣ የሠራተኛ ወጪው ቀለለለት፣ ምርቱን በዶላር ይሸጣላ! የቤት ኪራዩና ዘይቱ ግን በእሷ ላይ ነው የጨመረው። እዛው ፓርክ ውስጥ ቀጣሪዋ ለዓመታት የትርፍ ግብር እፎይታ አለው፣ ማሽኑን ያለ ቀረጥ ያስገባል። ግብር ከማን ይሰበሰባል፣ ለማን ይማራል የሚለው እዚህ ላይ ፍንትው ብሎ ይታያል፣ እኔ ይሄን ካፒታል ከሠራተኛ ኪስ ማከማቸት ነው የምለው፣ ልማት ብዬ አልጠራውም።

የሠራተኞቹ ምርታማነት ዝቅተኛ ነው የሚሉም አሉ። ያው የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ጥናት ፋብሪካዎቹ በአማካይ በየዓመቱ ሠራተኛቸውን በሙሉ እንደሚተኩ ነው የጻፈው፣ በዛ ደመወዝ አራት ሆና አንድ ክፍል ተከራይታ የምትኖር ልጅ ሥራውን ስትለምድ ጥላ ወደ ቤቷ ትሄዳለች፣ ሌላዋ ከሀ ትጀምራለች። በዚህ አካሄድ ምርታማነት ከየት ይምጣ? ትንንሽ ወርክሾፖች ሊከብዳቸው ይችላል፣ እሺ፣ ለነሱ ወለሉ በደረጃ ይለይ። ለኤክስፖርት ፋብሪካ ግን ይሄ ሰበብ አይሆንም።

መንግሥት ወለል ማውጣት አያውቅም እንዳይባል ለራሱ ሠራተኛ ከ2018 መስከረም ጀምሮ መነሻውን ከ4,760 ወደ 6,000 ብር አሳድጓል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011ም ወለሉን የሚወስን የደመወዝ ቦርድ ይቋቋማል ብሎ ጽፏል፣ የሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽኑ ኢሠማኮ ስንት ሜይ ዴይ ይሄንኑ ጠየቀ። ዓመታት አለፉ፣ ወለሉ የለም። ቦርዱ ሥራ ይጀምር፣ ሠራተኛውም እዛ ወንበር ይኑረው፣ ከግብር ነፃው ገቢ ከኑሮ ውድነቱ ጋር በየዓመቱ ይከለስ። ለኢንቨስተር የተተወው ግብር ስንት እንደሆነ ደግሞ ድርጅት በድርጅት ተዘርዝሮ ከበጀቱ ጋር ለፓርላማ ይቅረብ፣ ጊዜው አይደለም ያሉን ሰውዬም ዝርዝሩን ይዘው ቲቪ ላይ ይምጡና እንነጋገር።