ተረቱን ያልመለሰው «ሞአና 2»

ዲዝኒ በማርች 2025 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው) «ቲያና» የተሰኘውን ተከታታይ ሰርዞ፣ የአኒሜሽን ስቱዲዮው ከእንግዲህ ለኢንተርኔት የፊልም ማሳያው ለዲዝኒ ፕላስ ረጃጅም ተከታታዮችን እንደማይሠራ አስታወቀ። ውሳኔውን የሚደግፉ ሁሉ የሚመዙት ማስረጃ አንድ ነው፤ የደሴቷ ልጅ የሞአና ታሪክ ሁለተኛ ፊልም፣ «ሞአና 2»። ለቤት ስክሪን የታሰበ ሥራ ወደ ሲኒማ ቢሻገር ከአንድ ቢሊዮን ዶላር በላይ አስገባ፤ ታዲያ ተከታታይ ለምን ይሠራል? ይላሉ። ትምህርቱን የቀሰሙት ገልብጠው ነው። ያ ፊልም የሚያስረዳው ተከታታይ ሆኖ የተጸነሰ ታሪክ ሳይፈርስና ከሥሩ ሳይሠራ ሲኒማ ቤት ሲገባ ምን ዓይነት ጉዳት እንደሚደርስበት ነው።

መጀመሪያ አንዱን መልስ ከመንገድ እናንሣው፤ «የልጆች ፊልም ነው፣ ምን ያካብዳችኋል» የሚለውን። ከዚህ የባሰ ለልጆች ንቀት የለም። ተረት የሚሰማ ልጅ አንዲት ነገር ብትዘለልበት «እንደሱ አይደለም!» ብሎ ተራኪውን ያስቆማል። አዋቂ አንድ ፊልም አንዴ አይቶ ይረሳል፤ ልጅ ግን እያንዳንዷን ቃል በቃሉ እስኪይዝ ይደጋግማል። የ2016ቱ «ሞአና» በ2023 በአሜሪካ በኢንተርኔት ስርጭት ከታዩ ፊልሞች ሁሉ አንደኛ ሆኖ 11.6 ቢሊዮን ደቂቃ የታየው በማን ይመስላችኋል? ሰባት ዓመት በሞላው ፊልም ላይ ይህን ያህል ደቂቃ የሚያከማች አዋቂ የለም። ታሪክ ሲጎድል ቀድሞ የሚያውቀው እንዲህ ያለ ተመልካች ነው።

ቢሊዮኑም ቢሆን የሚናገረው ሌላ ነው። «ሞአና 2» በአሜሪካና ካናዳ ካስገባው 460 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ውስጥ 225 ሚሊዮኑ የተሰበሰበው በመጀመሪያዎቹ አምስት ቀናት ነው፤ ግማሽ ያህሉ ማለት ነው። የፊተኛው ፊልም በአሜሪካ የምስጋና ቀን በዓል ሰሞን በአምስት ቀን ያገኘው 82 ሚሊዮን ነበር፤ መጨረሻ ላይ ግን ወደ 249 ሚሊዮን ደረሰ። ሦስት እጥፍ አደገ። ትኬት የሚቆረጠው ፊልሙ ሳይታይ ነው። በ2024 ወላጆች የከፈሉት ለፊተኛው ፊልም ፍቅር ነው፤ ሁለተኛው የበላው የታላቁን ቀለብ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ሥራው በዲሴምበር 2020 ሲተዋወቅ የዲዝኒ ፕላስ ተከታታይ ነበር። በፌብሩዋሪ 2024 የኩባንያው ኃላፊ ቦብ አይገር ያዩት ነገር ስለማረካቸው ለሲኒማ እንደሚገባው አስታወቁ። ኖቬምበር 27 ቀን ፊልሙ ወጣ። በመካከሉ ያለው ዘጠኝ ወር ተኩል ነው፤ ስፌቱም እስከ መጨረሻው ይታያል።

በፊልሙ ሞአና የማዕበል አምላክ ናሎ ያሰጠመውን ደሴት፣ ሞቱፌቱን፣ ፍለጋ ባልደረቦች ይዛ በጀልባ ትወጣለች። ተከታታይ ውስጥ አንድ ሰው ጀልባ ላይ ሲሳፈር የራሱ ክፍል ይጠብቀዋል። ሎቶ ጀልባ ሠሪ ናት፤ የሠራችውን መልሳ ካላፈረሰች አይሆንላትም። ሞኒ ታሪክ ነጋሪና የግማሽ አምላኩ የማዊ አድናቂ ነው። ኬሌ ባሕር ላይ መዋልን የሚጠላ ሽማግሌ ገበሬ ነው። ሦስቱም ጥሩ መነሻ አላቸው፤ ለእያንዳንዳቸው ሃያ ሃያ ደቂቃ ቢሰጥ ሰው ይሆኑ ነበር። በ100 ደቂቃ ውስጥ ግን፣ ያውም የሠራተኞቹ ስም ዝርዝር ሲቀነስ ከዚያ ባነሰ፣ ከተዋወቅናቸው ጠባይ አንድ እርምጃ ሳይራመዱ ያልቃል። ቀላል መፈተኛ አለ። ኬሌን ከታሪኩ አውጡትና ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተርኩት። ምን ጎደለ? ሞኒንም ጨምሩበት። ጀልባዋ ሞቱፌቱ ትደርሳለች። በፊተኛው ፊልም አያቷን ታላን አውጧት እስኪ፤ ሞአና ከደሴቷ ንቅንቅ አትልም። የእናት ደሴቷን የቴ ፊቲን ልብ የሰጠቻት፣ የተደበቁትን ጀልባዎች ያሳየቻት እሷ ናታ!

ካካሞራዎቹም እንዲሁ። በፊተኛው ዘራፊ የነበሩት እነዚያ ትንንሾች በናሎ እርግማን አገራቸው መግባት እንደተከለከሉ ይነገረናል፤ ልብ የሚነካ ሐሳብ ነው፤ ግን ኮቱ የተባለውን አንዱን ጀልባዋ ላይ ትተውልን ይሄዳሉ። ክፍሉ አለቀ። ከዚያ ግዙፉ የባሕር ዛጎል፣ በውስጡም ማታንጊ የተባለች ሴት ከሌሊት ወፎቿ ጋር። ሞአናን መንገድ መሳትን እንድትደፍር የምታስተምርበት ዘፈኗ በጣም ደስ ይላል። ታሪኩ ግን ይህችን ሴት ለአንድ ዘፈን ብቻ አምጥቶ፣ በሩን አስከፍቶ፣ ይሰናበታታል። ይህም ክፍል አለቀ።

«ቶይ ስቶሪ 2ም እኮ ለቪዲዮ ካሴት ነበር የታሰበው» የሚሉ አሉ። ጥሩ፣ እሱን እናንሣ። የፊልሙ ስቱዲዮ ፒክሳር እጁ ላይ ያለው ታሪክ እንደማያዋጣ ሲገባው፣ ሊወጣ ዘጠኝ ወር ገደማ ሲቀረው አፍርሶ እንደገና ሠራው። ችግሩን ለይቶ ነው ያፈረሰው፤ አሻንጉሊቱ ውዲ ወደ ባለቤቱ ልጅ ወደ አንዲ እንደሚመለስ ተመልካቹ ቀድሞ ያውቃል፤ ስለዚህ ምርጫው ምርጫ አልነበረም። መፍትሔው የሌላዋ አሻንጉሊት የጄሲ ዘፈን ሆነ። ያሳደገቻት ልጅ ስታድግ እንዴት እንደረሳቻትና እንደጣለቻት ሲታይ፣ ውዲ ቢቀርም ቢሄድም እውነት አለው። ሠራተኞቹ እጃቸው እስኪጎዳ የደከሙበት ሥራ ስለነበር ያን ዋጋ ማንም ይክፈል አይባልም፤ የመውጫ ቀን ግን መግፋት ይቻላል። «ሞአና 2» ላይ ማንም አላፈረሰም። ገጥመው ሰፉት።

ጥፋቱን የፊተኛው ፊልም ዘፈን ደራሲ ሊን ማኑኤል ሚራንዳ ባለመመለሱ፣ በተተኩት በአቢጌል ባርሎውና በኤሚሊ ቤር ላይ የሚጭኑም ይሳሳታሉ። ዘፈን የሚሠራው ስክሪፕቱ ያዘዘውን ሥራ ነው። በፊተኛው ማዊ ራሱን የሚያወድስበት ዘፈን ሽፋን ነበር፤ እየዘፈነ ዋሻ ውስጥ ይከትታትና ጀልባዋን ይዞ ይሄዳል። ዘፈኑ ሲጀመር ጀልባ አላት፤ ሲያልቅ የላትም። በሁለተኛው ማዊ ተስፋ የቆረጠችውን ሞአናን ሊያበረታታ ይዘፍናል። ሲጀመር አዝናለች፤ ሲያልቅ ተነሥታለች። ለዚህ አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃ ነበር። ለእነዚህ ወጣቶች ማዊ የሚሰርቀው ጀልባ ስጧቸውና እዩአቸው።

መልካሙን መካድ ግን አይገባም። ትንሿ እህት ሲሜአ የፊልሙ እውነተኛ ግኝት ናት። በፊተኛው መሄድ ነፃነት ብቻ ነበር፤ እዚህ እግር ላይ የሚጠመጠም ልጅ አለ፣ መሄድ ዋጋ አለው። ባሕሩ እንደ ቀድሞው ያምራል። የሞአና ድምፅ የሆነችው አውሊዪ ክራቫልዮም ፊተኛው ሲወጣ 16 ዓመቷ ነበር፤ በ24 ዓመቷ ድምጿ ጠሊቅ ሆኗል፣ ስንብቱን የተሸከመው እሱ ነው። ያ ትዕይንት ብቻውን ምን ሊሆን ይችል እንደነበር ስለሚያሳይ ነው ቀሪው የሚያበሳጨው።

ከሁሉ የከፋው ጠላቱ ናሎ ነው። በፊተኛው ሞአና የምትፈራት የእሳት ጭራቅ ቴ ካ፣ የምትፈልጋት ቴ ፊቲ ራሷ ሆና ተገኘች፤ ልቧ የተሰረቀባት እናት ደሴት። ጠላቱ ሲታወቅ ታሪኩ ተፈታ። ናሎ ግን ደመናና መብረቅ ነው። ሞቱፌቱን ለምን እንዳሰጠመ በሌላ ሰው አፍ ይነገረናል፣ ሞአናን በመብረቅ ይገድላታል፣ እሷም ትንሽ ቆይታ ንቅሳት ይዛ ትነሣለች፤ ዓይን ለዓይን ሳይተያዩ ጦርነቱ አበቃ። እኛ ዘንድ ተራኪ ሲጨርስ «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» ይላል፤ የሰጠውን በሙሉ ስለሰጠ ነው የሚጠይቀው። እዚህ ተረቱ አልተሰጠም። ናሎ ፊቱን የሚያሳየው የሠራተኞቹ ስም መውረድ ከጀመረ በኋላ ነው፤ ማታንጊን ሊቀጣ ይመጣል፣ የፊተኛው ፊልም ግዙፍ ሸርጣን ታማቶዋም ብቅ ይላል። ያን ጊዜ መብራቱ በርቷል፤ ልጆቹ ጃኬታቸውን ለብሰው ወደ በሩ እየሄዱ ነው።